መኪናው መጣ፣ መለዋወጫው ቀረ፦ ከትሬንታ ኳትሮ እስከ ኤሌክትሪክ

ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ። አዲስ አበባ ውስጥ ጣልያንኛ የማይነገርበት ጋራዥ የለም፤ ጣልያንኛ እየተናገረ መሆኑን ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው። እነዚህ ቃላት በአምስቱ የወረራ ዓመታትና ከዚያ በኋላ ከጭነት መኪናው ጋር አብረው ገቡ። መኪናው አርጅቶ ሲወድቅ ቃሉ ለቀጣዩ መኪና ተረፈ። አብሮ ያልገባው ቃሎቹ የሚጠሯቸውን ዕቃዎች የሚሠራው ፋብሪካ ነው።

ስለ ከባድ መኪና ታሪካችን ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ሊማሊሞ ጠመዝማዛ፣ ስለ ጣርማ በር ጭጋግ፣ ስለ አሰብ መንገድ ሙቀትና ስለ ሹፌሮች ጀብዱ ነው። ሌላው ታሪክ ያለው ቶርኖ ቤት ውስጥ ነው። ሠሪው ፋብሪካ የረሳውን መኪና እንዴት በሕይወት ማቆየት እንደተቻለ የሚናገር ታሪክ ነው። ዛሬ አንድ ሰው አሮጌ ከባድ መኪና አድሶ ለማቆም ቢነሳ ከዚህ ታሪክ ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል። የሚፈልገው ብረት ብቻ አይደለምና፤ ብረቱ የት እንዳለና በምን እንደሚተካ የሚያውቅ ሰውም ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ወላጅ አልባ

ፊያት 634 ኤን ቱሪን ውስጥ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። "ኤን" የምትለዋ ፊደል "ናፍጣ" ማለት ነበረች። በጊዜው በናፍጣ የሚሠራ ከባድ መኪና በጣልያን አዲስ ነገር ስለነበር ፋብሪካው ፊደሏን በስሙ ላይ አኑሯታል። ፋሽስት ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር እንዲህ ያሉ መኪኖች ስንቅና ጥይት ተሸክመው ገቡ። የአገሬው ሰው ስድስት መቶውን ጥሎ የቀረውን ሠላሳ አራት በጣልያንኛ ጠራው፤ ትሬንታ ኳትሮ። ስሙ ከመኪናው አልፎ ለማንኛውም ያረጀና ጠንካራ ነገር መጠሪያ እስከመሆን ደረሰ።

አብሮት የገባው ላንቻ ሮ ደግሞ ይበልጥ እንግዳ ነበር። ሞተሩ በጀርመኑ ዩንከርስ ፈቃድ የተሠራ ሲሆን ሁለት ሲሊንደር ብቻ ነበረው። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት እየተገናኙ ይሠራሉ፤ ቴስታታ የሚባል ነገር የለውም። በሠሪው አገር ብልህ ሥራ ነበር። ከሠሪው ለተነጠለ ባለንብረት ግን ከሌላ ሞተር ምንም የማይዋስ ሞተር ማለት ነው።

ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፋ ስትወጣ መኪኖቹ አገር ውስጥ ቀሩ። እንግሊዞች ከማረኩት ንብረት ብዙውን ጭነው ወሰዱ፤ የተረፈው በግለሰብና በመንግሥት እጅ ገባ። ችግሩ ወዲያው መጣ። ጣልያን እስከ እ.ኤ.አ. መስከረም 1943 ድረስ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ላይ ስለነበረች ከቱሪን ዕቃ ማዘዝ የማይታሰብ ነበር። ቱሪን ራሷም በአየር ድብደባ ሥር ነበረች። ከዚህ ሁሉ በላይ የ634 ምርት እ.ኤ.አ. በ1939 አብቅቷል። ጦርነቱ ቢቆም እንኳ መለዋወጫው እንደ ልብ የሚመጣ አልነበረም።

የኢትዮጵያ የከባድ መኪና ጥገና ጥበብ የተወለደው በዚህ ጭንቅ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ዘዴ አንዱን ገድሎ ሌላውን ማኖር ነበር። ሦስት መኪና ካለ አንዱ ይበተናል፤ ሁለቱ በእሱ አካል ይኖራሉ። ሁለተኛው ዘዴ በቶርኖ ቀርጾ መሥራት ነው። ወረራው ካበቃ በኋላ እዚሁ የቀሩ ጣልያናውያን መካኒኮች በአዲስ አበባና በአስመራ ጋራዥ ከፈቱ፤ በሥራቸው ያደጉት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ልጆችም ሙያውን ከነቃሉ ወረሱ። ትምህርቱ በእጅና በዐይን እንጂ በመጽሐፍ አልነበረም። ይህ ጥንካሬው ነበር፤ ድክመቱም ይኸው ነው።

ባቡሩ የነበረው፣ መኪናው ያላገኘው

ለማነጻጸሪያ የምድር ባቡሩን ማየት ይበቃል። ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው መስመር ሲዘረጋ ድሬዳዋ ላይ ትልቅ የጥገና ወርክሾፕ አብሮ ተቋቋመ። ቶርኖው፣ መበየጃውና ማንጠፊያው በአንድ ግቢ ነበሩ። የተበላ ብረት እዚያው ይቀረጻል፤ ሠራተኛው እዚያው ይሠለጥናል። ባቡሩ በእርጅናው ዘመን እንኳ ለረጅም ጊዜ መንቀሳቀስ የቻለው በዚህ ነው። ሲሠራ ጀምሮ እንደሚሰበር ታስቦበት ነበር።

ለመኪና እንዲህ ያሰበ አልነበረም። መንግሥት በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1950 ከዓለም ባንክ የተገኘው 5 ሚሊዮን ዶላር ብድርም ለመንገድ ሥራ ዋለ። ከጣልያን የቀሩት መንገዶች ተጠገኑ፤ አዳዲስም ተከፈቱ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። በመንገዱ ላይ የሚሄደው ተሽከርካሪ ግን የነጋዴው ጉዳይ ሆኖ ቀረ። አስመጪው መኪናውን ይሸጣል፤ ገዥው በራሱ ዕድል ይነዳል። የድሬዳዋን ያህል ሁሉን በአንድ ግቢ የያዘ ወርክሾፕ የሌለው የመንገድ ትራንስፖርት የራሱን ድሬዳዋ በመርካቶ ጓሮዎች ተበታትኖ ሠራ። ምናለሽ ተራ ብረቱን ቀጥቅጦ ሌላ ነገር ያደርገዋል፤ ሶማሌ ተራ የተነቀለውን ዕቃ ያገበያያል፤ በየሰፈሩ ያለው ቶርኖ ቤት የጎደለውን ይሞላል።

ኤንትሬና አምቼ

ከሁሉም መኪና ኢትዮጵያ ውስጥ ሥር የሰደደው ፊያት 682 ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ወጥቶ እስከ 1988 ተመርቷል፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አውሮፓ ውስጥ ዘመን ያለፈበት ቢሆንም ለአፍሪካ ገበያ መሠራቱ ቀጥሎ ነበር። እኛ ዘንድ "ኤንትሬ" የተባለው ኤን 3 የሚለው ሞዴሉ ነው። እህል፣ ሲሚንቶ፣ ጨው፣ ቡና፣ ነዳጅ፣ ወታደር ተሸክሟል። መሪው በቀኝ በኩል የነበረው ኤንትሬ ብዙ ነበር፤ የጣልያን ከባድ መኪኖች ለረጅም ጊዜ እንዲያ ይሠሩ ነበርና። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ስትዞር የእነዚህ መኪኖች ሹፌሮች ለመቅደም የረዳታቸውን ዐይን መጠበቅ ግድ ሆነባቸው።

ኤንትሬ ይህን ያህል የቆየው ጥንካሬው ብቻ ረድቶት አይደለም። አንድ ሞዴል ለሠላሳ ስድስት ዓመት ብዙም ሳይለወጥ ሲመረት መለዋወጫውም ይበዛል፤ የአንዱ ዓመት ዕቃ ለሌላው ዓመት መኪና የሚገጥምበት ዕድል ይሰፋል። ወድቆ የሚበተነውም ስለሚበዛ ሕያው ለሆነው ሲሳይ ነው። አሮጌ መኪና ማደስ የሚሻ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ይህ መኪና ስንት ወንድም አለው?" ብሎ ነው።

በ1962 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው አምቼ የተሻለ ዕድል ይዞ መጥቶ ነበር። ፋብሪካው ከጣልያን የመጡ ክፍሎችን አዲስ አበባ ውስጥ ይገጣጥም ነበር፤ ስለዚህ መለዋወጫውም ባለቤት አገኘ። የከተማው አንደበትም ቀልድ አላጣም። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ኤርትራውያን "አምቼ" ተባሉ፤ ዕቃው ከዚያ፣ መገጣጠሚያው ከዚህ ለማለት። ቀልዱ የፋብሪካውን ልክም ይናገራል። መገጣጠም ከመሥራት ይለያል። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሲያሉ ከውጭ የሚመጣ እስከሆነ ድረስ ውሳኔውም ከውጭ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1975 ፊያት፣ ኦኤም፣ ላንቻ፣ የፈረንሳዩ ዩኒክና የጀርመኑ ማጊሩስ በኢቬኮ ሥር ሲጠቃለሉ የቆዩ ሞዴሎች በየተራ ከምርት ወጡ። ያ ውሳኔ ያረፈበት ባለ አንድ መኪና ሰው ደሴ ወይም ጎንደር ነበር፤ የጠየቀው ግን የለም።

አገር ሲጠፋ መለዋወጫም ይጠፋል

በደርግ ዘመን የመኪናው ምንጭ ወደ ምሥራቅ ዞረ። ዚል፣ ኡራልና ካማዝ ከሶቪየት ኅብረት መጡ፤ ኢፋ ደብልዩ 50 ከምሥራቅ ጀርመን። የኢፋ ታሪክ ከቡናችን ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የዓለም ቡና ዋጋ ሲንር የውጭ ምንዛሪ ያጠራት ምሥራቅ ጀርመን ከኢትዮጵያ ጋር የዕቃ በዕቃ ልውውጥ ገባች። ቡና ሄደ፤ የጦር መሣሪያ፣ የጭነት መኪናና የእርሻ መሣሪያ መጣ።

መኪና ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በ1977ቱ ረሃብ ታየ። እርዳታው አሰብ ወደብ ላይ ሲከማች ወደ ተራበው ሕዝብ የሚያደርስ ተሽከርካሪ አነሰ። በዚያ ሰዓት በመለዋወጫ እጦት የቆመ አንድ መኪና የሚለካው በገንዘብ አልነበረም፤ ሳይደርስ በቀረው ኩንታል እህል ነበር።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1990 ምሥራቅ ጀርመን የሚባል አገር ከካርታ ጠፋ። ሉድቪግስፌልደ የሚገኘው ፋብሪካ ከ570 ሺህ በላይ ደብልዩ 50 ካመረተ በኋላ በዚያው ዓመት ማብቂያ ምርቱን አቆመ። በቀጣዩ ዓመት ቦታውን መርሴዲስ ተረከበው። ትሬንታ ኳትሮን ጦርነት ከወላጁ ነጠለው፤ ኢፋን የመንግሥት መፍረስ። ሁለቱም ጊዜ ኢትዮጵያዊው መካኒክ ምክንያቱን ከሬዲዮ ሰማ፤ ውጤቱን ከጋራዡ ወለል ላይ አነሳ።

ፍለጋው እንዴት ይካሄዳል?

እንዲህ ያለ መኪና ዛሬ ማደስ ይቻላል? ይቻላል፤ ግን ክፍሎቹ ሁሉ እኩል አይገኙም። ልምድ ያለው መካኒክ ሥራውን በአእምሮው በአራት ይከፍለዋል።

የመጀመሪያው ክፍል የመኪናው ያልሆነ ዕቃ ነው። ኩሽኔታ የፊያትም የኢፋም አይደለም፤ የዓለም ነው። በጠርዙ ላይ 6308 የሚል ከተጻፈበት የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች በአምስት ተባዝተው የውስጡን ቀዳዳ ይሰጣሉ፤ 40 ሚሊ ሜትር። የውጩ 90፣ ውፍረቱ 23 ነው። የትም አገር ተሠርቶ የትም ሱቅ ይገኛል። የዘይት መከላከያ ጎማም የውስጥ፣ የውጭና የውፍረት ልኩ ከታወቀ ከሌላ ማሽን ይመጣል። "የዚህ መኪና ዕቃ የለም" ተብሎ የተመለሰ ብዙ ሰው የመኪናውን ስም እየጠራ ስለጠየቀ ነው ያጣው። በልኩ ቢጠይቅ ኖሮ ያገኝ ነበር።

ሁለተኛው ከሌላ ሞተር የሚዋሱት ነው። ፒስተን ሲጠፋ ሦስት ልኮች ይያዛሉ፤ የፒስተኑ ስፋት፣ የስፒኖቱ ውፍረት፣ ከስፒኖቱ መሐል እስከ ፒስተኑ አናት ያለው ቁመት። እነዚህ ከተቀራረቡ የሌላ መኪና ፒስተን ተስተካክሎ ሊገባ ይችላል። የናፍጣ ፓምፕ የውስጥ ዕቃዎችም ብዙ ፋብሪካዎች ከአንድ ዓይነት ሥርዓት የተዋሷቸው ስለሆኑ ስማቸው ቢለያይም ዘመዳሞች ናቸው።

ሦስተኛው የሚሠሩት ናቸው። ቡሽ ከነሐስ ይቀረጻል፤ ጓርኒሲዮን ከሉህ ይቆረጣል፤ የፍሬን ሸራ ተቆርጦ በሪቬት ይመታል፤ ባሌስትራ ከሌላ መኪና መጥቶ በእሳት ይጎብጣል። ዝርግ መስታወት ማንም ይቆርጠዋል። ጎባጣ ከሆነ ግን ሰው ያለቅሳል። እዚህ ላይ የቡሎኑን ጥርስ መለየት ግድ ነው፤ የጣልያኑ በሚሊ ሜትር፣ የድሮው የእንግሊዝ ቤድፎርድ ደግሞ በኢንች ነው። ሁለቱን አደባልቆ በጉልበት ያጠበቀ ሰው የሞተሩን ቤት ሰንጥቆ ዕዳ ይገባል።

አራተኛው ክፍል የሚያስጨንቀው ነው፤ ሞተር ቤት፣ ቴስታታ፣ የካምቢዮ ጥርሶች፣ የዲፈረንሲያል ኮሮናና ፒኞ። ኮሮናና ፒኞ ፋብሪካ ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ ተፈጭተው የተጋቡ ስለሆኑ በላያቸው አንድ ዓይነት ቁጥር ይመታል። አንዱን ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ አምጥቶ ማጋባት ጩኸት ነው፤ ትንሽ ቆይቶም ስብራት። ለእነዚህ መድኃኒቱ የወደቀ ወንድም መኪና ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ይጠየቃል። የድሮ ሹፌር "እንዲያ ያለ መኪና ኮምቦልቻ አንድ ወፍጮ ቤት ጓሮ አይቻለሁ" ይላል። ሞተሩ ወፍጮ ሲያዞር ይገኛል፤ የኋላ እግሩ ጋሪ ሆኗል፤ ቻሲሱ የድልድይ መሸጋገሪያ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የቻሲስና የሞተር ቁጥር ተነቦ መጻፍ አለበት። አንድ መኪና በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሁለትና ሦስት ሞተር ቀይሮ ሊሆን ስለሚችል በበሩ ላይ ያለው ስም ለሞተሩ ምስክር አይሆንም።

ከአገር ውጭ ያለው መንገድ ሌላ ነው። ጣልያን ውስጥ የድሮ ከባድ መኪና አድሰው የሚያቆዩ ሰዎች አሉ፤ ቱሪን ያለው የፊያት ታሪክ ማዕከልም የኩባንያውን ሰነዶችና ንድፎች ጠብቆ ይዟል። እዚያ የጎደለው ክፍል በወረቀት ላይ ስላለ እንደገና ሊሠራ ይችላል። እዚህ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ክፍሉን ያለ ወረቀት ደጋግመው የሠሩ እጆች አሉ፤ የሠሩትን ልክ የመዘገበ ግን የለም።

እየቀለጠ ያለው

አሁን ከሁለት አቅጣጫ እየጠፋ ነው። ብረቱ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። በየጓሮው የወደቀ አሮጌ መኪና በኪሎ ተሽጦ የግንባታ ብረት ይሆናል። ሻጩን መውቀስ አይቻልም፤ ለእሱ የቆመ መኪና ቦታ የያዘ ቆሻሻ ነው። ነገር ግን አብሮ የሚቀልጠው ኮሮናና ፒኞ ከዚህ በኋላ በምንም ገንዘብ አይገኝም። በሌላ በኩል የትኛው ፒስተን በየትኛው እንደሚተካ፣ የትኛው ቴስታታ የት ጋ እንደሚሰነጠቅ የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነው። አንድ የቶርኖ ባለሙያ አርባ ዓመት የሰበሰበው ልክ ያለው በግድግዳው ላይ በጠመኔ በተጻፈ ቁጥርና በራሱ ውስጥ ነው። ግድግዳው ቀለም ሲቀባ ግማሹ ይሄዳል።

ይህ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጥቂት ወዳጆች ትቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን አገሪቱ አሁንም ሌላ የመኪና ዘመን በር ላይ ናት። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዞረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ዋጋው ተሰቀለ። የነዳጅ ወጪን ለመቀነስ የተያዘው መንገድ ምክንያት አለው። ጥያቄው የድሮው ነው፤ ይህ መኪና ሲሰበር ማን ይጠግነዋል?

ደግሞም አሁን ጥያቄው ከብዷል። ኤንትሬን ቶርኖ ያድነዋል። በኮምፒውተር የሚታዘዝን የባትሪ ክፍል ግን ካሊፐር ይዞ ቢለኩት መልስ አይሰጥም፤ የሚከፈተው በፋብሪካው ፕሮግራም ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ወይም ሞዴሉን ከተወ፣ ኢፋን ያቆየው ብልሃት እዚህ አይደርስም። በየዓመቱ ስማቸው እየተለዋወጠ የሚገቡት መኪኖች ከኤንትሬ ይልቅ ላንቻ ሮን ይመስላሉ፤ ጎበዝ ሥራ ናቸው፣ ወንድም ግን የላቸውም።

ከዘጠና ዓመቱ ልምድ የሚወጣው ትምህርት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መኪና የሚያስገባ ሁሉ ለተወሰነ ዓመት መለዋወጫ የማቅረብና የጥገና መረጃውን ለአገር ውስጥ ጋራዦች የመስጠት ግዴታ ይኑርበት። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲገዙ የሞዴሉን ዓይነት ያሳንሱ፤ አንድ ዓይነት መቶ መኪና ከአሥር ዓይነት መቶ መኪና ረጅም ዕድሜ አለው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተማሪዎቻቸውን ካሊፐርና ደብተር አስይዘው ወደ ቶርኖ ቤቶች ይላኩ፤ የአንድ ክረምት ሥራ ብዙ ልክ ያተርፋል። ወደ ማቅለጫ ከሚሄዱት መካከል ደግሞ ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ አንድ ሙሉ መኪና ይቅር፤ አንድ ትሬንታ ኳትሮ፣ አንድ ኤንትሬ፣ አንድ ኢፋ። ሙዚየም ውስጥ ቢቆም መልካም ነው። ባይሆን እንኳ የሚለካ ናሙና ሆኖ ያገለግላል።

የእነዚህን መኪኖች ሹፌሮች በስም የሚያነሳ ሰው ዛሬም አይጠፋም። ቡሽ የቀረጹላቸውን፣ ልክ ያልነበረውን ልክ ያደረጉትን ግን የመዘገባቸው የለም። በሕይወት ያሉት ዛሬም በየቶርኖ ቤቱ አሉ፤ ሊጠየቁም ይችላሉ።